ክርስትና ከጥቂቶች እምነት ወደ መንግሥት ሃይማኖት እንዴት ደረሰ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ቀደመችው ቤተ ክርስቲያን ወሬ ሲነሳ የሚመጡት ጥያቄዎች ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ናቸው። እዚህ የተሰበሰቡት እነሱ ናቸው። ዓመቶቹና የወሩ ቀኖች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን አቆጣጠር ስጠቀም «ዓ.ም.» ብዬ እለያለሁ።

ክርስትናን የሮም መንግሥት ሃይማኖት ያደረገው ቆስጠንጢኖስ አይደለም እንዴ?

አይደለም። እዚህ ላይ በጣም ብዙ ሰው ይሳሳታል። ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ በ313 ምሥራቁን ከሚገዛው ከሊኪንዮስ ጋር ተስማምቶ ክርስቲያኖች በነፃነት እንዲያመልኩ ፈቀደ፤ የተወረሰባቸው ንብረትም እንዲመለስ አደረገ። ክርስትና በሕግ የግዛቱ ሃይማኖት የሆነው በ380 በንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ ዘመን ነው። በመካከሉ 67 ዓመት አለ።

ይህን 67 ዓመት ዘለን ካለፍን ታሪኩ አይገባንም። አንድን እምነት መፍቀድ ሌላ ነው፤ ሌላውን ሁሉ መከልከል ደግሞ ሌላ። ትናንት ስትሳደድ የነበረችው ቤተ ክርስቲያን ከሕግ አውጪው ጎን የቆመችው በነዚህ ዓመታት፣ ቀስ በቀስ ነው።

ሲጀመር ስንት ነበሩ? ቆስጠንጢኖስ ሲመጣስ ስንት ደረሱ?

በዘመኑ ቆጠራ አልተደረገም፤ ያለው የተመራማሪዎች ግምት ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ስሌት በ40 ገደማ አንድ ሺህ ሰው፣ በ300 ደግሞ ስድስት ሚሊዮን አካባቢ ይላል። ያኔ የሮም ግዛት ሕዝብ 60 ሚሊዮን ገደማ ከነበረ፣ ከአሥር ሰው አንዱ ክርስቲያን ነበር ማለት ነው።

ቁጥሩ ተአምር ይመስላል። ግን ወደ ዓመት ሲመነዘር የእድገቱ መጠን ከመቶ ሦስት ተኩል ያህል ብቻ ነው። መቶ ምእመን ያለው አንድ ጉባኤ በዓመት ሦስት ወይም አራት ሰው ቢጨምር፣ ይህም ለ260 ዓመት ሳይቋረጥ ቢቀጥል፣ እዚያው ይደርሳል። በአንድ ቀን ሺዎች የሚጠመቁበት ሁኔታ የግድ አያስፈልግም። ጎረቤት ጎረቤቱን፣ ሚስት ባሏን፣ ባሪያ ጌታውን እያመጣ መሆኑ ይበቃል።

እድገቱ በየቦታው እኩል አልነበረም። በትንሹ እስያ፣ በሶርያ፣ በግብፅና በካርታጎ አካባቢ በርከት ይሉ ነበር። ከከተማ ወጣ ሲባል ደግሞ በጣም ይሳሳሉ።

ሮማውያን ስንትና ስንት አማልክት እያሏቸው አንድ ቢጨመር ምን አናደዳቸው?

ክርስቲያኖቹ «ጨምሩልን» አላሉማ። ያናደደው «ሌሎቹ አማልክት አይደሉም» ማለታቸው ነው።

ለሮማዊ ሃይማኖት የግል ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ለአማልክቱ መሥዋዕት ሲቀርብ ዝናቡ ይዘንባል፣ ጦሩ ያሸንፋል፣ ከተማው ሰላም ያድራል ተብሎ ይታመን ነበር። ስለዚህ መሥዋዕት አልሠዋም የሚል ሰው ጎረቤቶቹን ሁሉ ለቁጣ እንደሚያጋልጥ ተደርጎ ይታይ ነበር። አይሁድም አይሠዉም ነበር፤ እነሱ ግን እምነታቸው ከጥንት አባቶቻቸው የወረሱት ስለሆነ ታገሷቸው። ክርስትና ግን ለሮማውያን ዓይን የትናንት ነገር ነበር። መሥራቹም በሮም አገረ ገዥ ትእዛዝ የተሰቀለ ሰው ነው።

የካርታጎው ጸሐፊ ጠርጡልያኖስ በ200 ገደማ ይህን ጥላቻ ሲገልጽ፣ የሮም ወንዝ ቲቤር ከሞላ፣ ዓባይ ወደ እርሻው ካልሞላ፣ ረሃብ ወይም ወረርሽኝ ከመጣ፣ ወዲያው «ክርስቲያኖቹን ለአንበሳ!» ይባላል ብሏል። ለግብፅ እርሻ የሚደርሰው ሙላት ከእኛ ደጋ የሚወርደው የክረምት ዝናብ መሆኑን ያኔ ማን አወቀ? የዝናቡ ማነስ በሰው ነፍስ ይመነዘር ነበር።

300 ዓመት ሙሉ ያለማቋረጥ ስደት ነበር?

አልነበረም። ብዙውን ጊዜ ስደቱ በአንድ ከተማ ይነሳል፣ ሰው ይገደላል፣ ከዚያ ለዓመታት ጋብ ይላል። ኔሮን በ64 ከሮም ቃጠሎ በኋላ ያደረሰው ጭካኔ እንኳ በሮም ከተማ የተወሰነ ነበር።

የነገሩን መልክ በደንብ የሚያሳየው በ112 ገደማ የተጻፈ የሥራ ደብዳቤ ነው። የቢታንያና የጳንጦስ አገረ ገዥ የነበረው ፕሊኒ ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራጃን ይጽፋል። ምን ላድርጋቸው ይላል። መርምሬያቸው ያገኘሁት በተወሰነ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ መዘመራቸውን፣ ላለመስረቅና ላለማመንዘር መማማላቸውን፣ ከዚያም ተራ ምግብ አብረው መብላታቸውን ነው ይላል። እውነቱን ለማውጣት ብሎ በጉባኤው አገልጋይ የነበሩ ሁለት ባሪያ ሴቶችን አሠቃይቷል። ቤተ መቅደሶች ባዶ ሆነው እንደነበር፣ የመሥዋዕት ሥጋ ገዢ አጥቶ እንደነበርም ያነሳል።

ትራጃን የመለሰው አጭር ነው። ፈልጋችሁ አታሳድዷቸው። ተከሰው ከቀረቡና ካልካዱ ይቀጡ። ስም የሌለው ክስ አትቀበሉ። በዚህ መልስ መሠረት አንድ ክርስቲያን ዕድሜውን ሙሉ በሰላም ሊኖር ይችላል፤ አንድ ቂመኛ ጎረቤት ግን በማንኛውም ቀን ሊያስገድለው ይችላል። አስቡት፣ በዚህ ሁኔታ ልጅ ማሳደግ ምን ማለት እንደነበር። በ203 በካርታጎ የተገደለችው ጰርጴቱዋ ሃያ ሁለት ዓመት ገደማ የሆናት፣ ልጇን ገና የምታጠባ እናት ነበረች። አብራት የሞተችው ፌሊቺታስ ደግሞ እስር ቤት ውስጥ የወለደች ባሪያ ነበረች።

ንጉሠ ነገሥት ዳክዮስ ያደረገው ከቀድሞው በምን ይለያል?

ስደቱን ግዛት አቀፍ አደረገው። ከ249 መጨረሻ ጀምሮ ሁሉም ሰው ለአማልክት እንዲሠዋ፣ መሠዋቱንም የሚያረጋግጥ ወረቀት እንዲይዝ ታዘዘ። ከነዚህ ወረቀቶች ከአርባ በላይ የሚሆኑት በግብፅ ደረቅ አፈር ውስጥ ተገኝተዋል።

አንዱን እንይ። ሰኔ 26 ቀን 250 የተጻፈ ነው። አመልካቹ አውሬልዮስ ዲዮጋንስ ይባላል፤ የሳታቡስ ልጅ፣ ዕድሜው 72፣ ከቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው። «ሁልጊዜ ለአማልክት ስሠዋ ኖሬያለሁ፤ አሁንም በእናንተ ፊት በአዋጁ መሠረት ሠውቻለሁ፣ የመጠጥ መሥዋዕት አፍስሻለሁ፣ ከመሥዋዕቱም ቀምሻለሁ፤ እንድታረጋግጡልኝ እጠይቃለሁ» ይላል። ይህ ሽማግሌ ክርስቲያን ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፤ አዋጁ ለሁሉም ነበርና። እኔን የሚይዘኝ ያ ጠባሳ ነው። መንግሥት በየመንደሩ ወርዶ፣ የሽማግሌ ቅንድብ እያየ፣ እምነትን በፎርም ያስሞላ ነበር።

ብዙ ክርስቲያን ሠዋ። ገንዘብ ከፍሎ ሳይሠዋ ወረቀቱን የገዛም ነበር። ስደቱ ሲያልፍ «የካዱትን እንመልሳቸው ወይስ አንመልሳቸው?» የሚል ከባድ ክርክር ተነሳ። የሮሙ ኖቫትያኖስ በጭራሽ አለ። የካርታጎው ጳጳስ ቆጵርያኖስና የሮሙ ቆርኔሌዎስ ግን ንስሐ ከገቡ ይመለሱ አሉ፤ የእነሱ ሐሳብም አሸነፈ። በእኔ እምነት ይህ ውሳኔ ቤተ ክርስቲያንን ከብዙ አዋጅ በላይ አሳድጓታል። በሩን ዘግታ ቢሆን ኖሮ የጀግኖች ብቻ ማኅበር ሆና ትቀር ነበር።

ታዲያ እየተሰደዱ እንዴት በዙ?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። «የሰማዕታት ደም ዘር ሆነ» ይባላል፤ እውነት አለው። ግን የሰማዕታቱ ቁጥር ከጠቅላላው ምእመን አንጻር ትንሽ ነበር፤ ሰው ሁሉ በስታዲየም ሲሞቱ አይቶ አላመነም። ሰዉን የሳበው በየቀኑ የሚያየው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

የሮም ጳጳስ ቆርኔሌዎስ በ251 በጻፈው ደብዳቤ የከተማዋን ቤተ ክርስቲያን ሲዘረዝር 46 ቀሳውስት፣ 7 ዲያቆናት፣ 7 ንፍቀ ዲያቆናት፣ 42 ረዳቶች፣ 52 አጋንንት አውጪዎች፣ አንባቢዎችና በር ጠባቂዎች ይቆጥራል። ከዚያ ቀጥሎ ከ1500 በላይ መበለቶችና ችግረኞች በቤተ ክርስቲያን እንደሚረዱ ይናገራል። ሕጋዊ እውቅና የሌለው ማኅበር፣ ገና ከስደት በወጣበት ዓመት፣ ይህን ሁሉ ሰው ያበላ ነበር።

በ303 በሰሜን አፍሪካ ቂርጣ በምትባል ከተማ ባለሥልጣናት ለስብሰባ የሚያገለግለውን ቤት ፈትሸው ያገኙትን መዝግበዋል። ሁለት የወርቅ ጽዋና ስድስት የብር ጽዋ አለ። ቀጥሎ ደግሞ 82 የሴት ቀሚስ፣ 38 መከናነቢያ፣ 16 የወንድ ልብስ፣ 13 ጥንድ የወንድ ጫማ፣ 47 ጥንድ የሴት ጫማ ይላል። ይህ ለማን ተብሎ እንደተከማቸ መገመት አይከብድም። ወንጀል ፍለጋ የገቡት ሰዎች የድሆች ልብስ ማስቀመጫ ነው ያገኙት።

በ250ዎቹ ትልቅ ወረርሽኝ ግዛቱን ሲመታ፣ የእስክንድርያው ጳጳስ ዲዮናስዮስ ክርስቲያኖቹ የታመሙትን እያስታመሙ አብረው እንደሞቱ ጽፏል። ሌሎቹ ግን የገዛ ቤተሰባቸውን እንኳ ገና ሳይሞቱ መንገድ ላይ ይጥሉ ነበር ይላል። ጳጳስ ስለሆነ ለወገኑ ማድላቱ አይቀርም። ነገሩ ግን ከንቱ ወሬ አይደለም፤ ትኩሳት ለያዘው ሰው ውኃ የሚሰጠው ማግኘት ብቻውን ከሞት ሊያተርፈው ይችላል። ከዳነም በኋላ ያስታመመው ማን እንደሆነ አይረሳም።

የሕፃናት ነገርም አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1 ዓመት አንድ ባል ከእስክንድርያ ለነፍሰ ጡር ሚስቱ የጻፈው ደብዳቤ ተገኝቷል። ወንድ ከሆነ ይቆይ፣ ሴት ከሆነች ጣያት ይላል፤ ከፍ ብሎ ስለ ልጃቸውና ስለ ደመወዙ በፍቅር እያወራ። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፣ ልማዱ ነበር። ክርስቲያኖች እንደ አይሁድ ይህን ከለከሉ። ውጤቱ ግልጽ ነው፦ ብዙ ሴቶች ልጆች ያድጋሉ፣ እነሱም እናት ይሆናሉ።

ሙታንን መቅበርም እንደዚሁ። ለድሃ ሮማዊ ቀባሪ ማጣት ትልቅ ስጋት ነበር፤ ለዚህም በወር እያዋጡ የሚቀባበሩበት ማኅበር ነበራቸው። እድር ለእኛ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ቤተ ክርስቲያን ያን እድር መዋጮ ለሌለውም ከፈተችው።

በዚህ ላይ የሮም መንገድና የባሕር ሰላም፣ ግሪክኛ በየከተማው መነገሩ፣ ጳጳሳት በደብዳቤ መገናኘታቸው ጠቅሟል። አንድ ክርስቲያን ነጋዴ ከእስክንድርያ ወደ ሮም ቢሄድ የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ የሚያርፍበት ቤት ያገኛል።

የዲዮቅልጥያኖስ ስደት ለምን ያን ያህል ከበደ? ለምንስ ከሸፈ?

የካቲት 23 ቀን 303 ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት የሚታየው የኒቆምድያ ቤተ ክርስቲያን ፈረሰ። ከዚያ አዋጅ በአዋጅ ላይ ተከታተለ፦ መጻሕፍት ይቃጠሉ፣ ካህናት ይታሰሩ፣ በመጨረሻም ሁሉም ይሠዋ። በምሥራቅ፣ በተለይም በግብፅ፣ የፈሰሰው ደም ብዙ ነው። የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ዘመኗን የምትቆጥረው ዲዮቅልጥያኖስ ከነገሠበት ከ284 ጀምራ «ዓመተ ሰማዕታት» እያለች ነው።

የከሸፈው ዘግይቶ ስለመጣ ነው። ከ260 ጀምሮ ለ40 ዓመት ሰላም ነበር። በነዚያ ዓመታት ክርስቲያኖች በጦሩ፣ በጽሕፈት ቤቱ፣ በቤተ መንግሥቱ ሳይቀር ገብተዋል። ጎረቤቱም ለምዷቸዋል። በምዕራብ የነበረው የቆስጠንጢኖስ አባት አዋጁን በሙሉ ልቡ አላስፈጸመም። ከአሳዳጆቹ ዋናው ጋሌርዮስ ራሱ በ311 በጠና ታሞ ሳለ ስደቱን አቆመ፤ ክርስቲያኖቹም ለእሱና ለመንግሥቱ ወደ አምላካቸው እንዲጸልዩ ጠየቀ። ከቀናት በኋላ ሞተ።

ቆስጠንጢኖስ ከልቡ አምኖ ነው ወይስ ለፖለቲካ?

ሁለቱን መለየት የእኛ ዘመን ልማድ ነው። ለእሱ አምላክ ማለት ድል የሚሰጥ ነው። ጥቅምት 28 ቀን 312 በሮም አቅራቢያ በሚልቪዮ ድልድይ ተቀናቃኙን ማክሴንትዮስን ሲያሸንፍ ድሉን ያገኘው ከክርስቲያኖች አምላክ እንደሆነ አመነ። የዘመኑ ክርስቲያን ጸሐፊ ላክታንትዮስ በሕልም ታዝዞ ምልክቱን በጋሻዎች ላይ አስቀረጸ ይላል። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ደግሞ ከንጉሡ አፍ ሰማሁ ብሎ፣ በቀትር ከፀሐይ በላይ የብርሃን መስቀል እንደታየው ጽፏል።

ፖለቲካ ብቻ ነበር የሚለው ሐሳብ አያስኬድም። ከሕዝቡ አንድ አሥረኛ ለሚሆነው፣ በጦሩና በሮም መኳንንት ዘንድ ደግሞ ከዚያም ላነሰው ወገን ማድላት ብልጥ የምርጫ ስሌት አይመስልም። ከልቡ ብቻ ነበር የሚለውም አይሞላም። ድል አድራጊውን የፀሐይ አምላክ በገንዘቡ ላይ ከአሥር ዓመት በላይ አስቀርጿል። በ326 ልጁን ክርስጶስንና ሚስቱን ፋውስታን አስገድሏል። የተጠመቀው በ337 በሞት አልጋ ላይ ነው፤ ይህ ግን በዚያ ዘመን ያልተለመደ አልነበረም።

በተግባር ያደረገው ብዙ ነው። ካህናትን ከከተማ ግዴታ ነፃ አደረገ። ጳጳሳት ክርክር እንዲዳኙ ፈቀደ። በ321 እሑድ ፍርድ ቤትና የከተማ ሥራ እንዲዘጋ አዘዘ። በሮም፣ በኢየሩሳሌምና በአዲሲቱ ዋና ከተማው በቁስጥንጥንያ ቤተ ክርስቲያናትን አሠራ። እናቱ ንግሥት እሌኒ ወደ ኢየሩሳሌም የሄደችው በዚህ ዘመን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 17 የምናከብረው መስቀልም በትውፊት ከዚያ ጉዞ ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን አሮጌዎቹ ቤተ መቅደሶች በአብዛኛው ክፍት ነበሩ።

የኒቅያ ጉባኤ የመጽሐፍ ቅዱስን መጻሕፍት መርጧል?

አልመረጠም። በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚዞር ወሬ ነው። በ325 የተሰበሰቡት አባቶች፣ በትውፊት 318 የምንላቸው ሠለስቱ ምዕት፣ ዋና ጉዳያቸው ወልድ ፍጡር ነው የሚለው የእስክንድርያው ቄስ አርዮስ ነበር። ወልድ «ከአብ ጋር በመለኮቱ የሚተካከል» መሆኑን ወሰኑ። ስለ ፋሲካ ቀንም ተነጋገሩ፣ 20 የሥርዓት አንቀጾችም አወጡ። የሐዲስ ኪዳንን 27 መጻሕፍት ዛሬ እንዳሉን አድርጎ ዘርዝሮ የጻፈው የእስክንድርያው ጳጳስ አትናቴዎስ ነው፤ በ367 በፋሲካ ደብዳቤው።

ከኒቅያ አዲሱ ነገር ሰብሳቢው ንጉሥ መሆኑ ነው። ጉባኤው ያወገዘውን ንጉሡ ወደ ግዞት ላከ። መንገዱ አንዴ ከተከፈተ ለሁለቱም ወገን ይሠራል። ያው ቆስጠንጢኖስ በ335 አትናቴዎስን ወደ ትሪየር አጋዘው፤ አትናቴዎስ በአራት ነገሥታት ዘመን አምስት ጊዜ ተሰዷል። ካሳደዱት አንዱ ብቻ ነው አረማዊ።

ዑልያኖስ ሁሉንም ነገር መመለስ ይችል ነበር?

ዩልያኖስ፣ በእኛ መጻሕፍት ዑልያኖስ ከሓዲ የሚባለው፣ ከ361 እስከ 363 ብቻ ነው የነገሠው። ቅዱስ መርቆሬዎስ በፈረስ ሆኖ በጦር ሲወጋው በየቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ እናየዋለን። በታሪክ የሞተው ከፋርስ ጋር ሲዋጋ ነው።

የጥንቱን አምልኮ ለማስነሳት ሲሞክር ለገላትያ ሊቀ ካህናት የጻፈው ነገር ካነበብኳቸው ምስክርነቶች ሁሉ ይበልጥብኛል። ከአይሁድ ለማኝ የለም፤ ገሊላውያኑ (ክርስቲያኖቹን ማለቱ ነው) ደግሞ የራሳቸውን ድሆች አልፈው የእኛንም ይረዳሉ፤ ወገኖቻችን ግን ከእኛ እርዳታ ማጣታቸው ያሳፍራል ይላል። በየከተማው የእንግዳ ማረፊያ እንዲሠራም አዘዘ። ጠላት የመሰከረው ነው። በ20 ወር ግን ሦስት መቶ ዓመት የተሠራ ልማድ አይተከልም።

እሺ፣ በትክክል መቼ ነው የመንግሥት ሃይማኖት የሆነው?

የካቲት 27 ቀን 380። ቴዎዶስዮስ ከተሰሎንቄ ለቁስጥንጥንያ ሕዝብ ባወጣው አዋጅ፣ በግዛቱ ያለ ሁሉ ሐዋርያው ጴጥሮስ ለሮማውያን ያስተማረውን፣ የሮሙ ጳጳስ ደማሱስና የእስክንድርያው ጳጳስ ጴጥሮስ የሚከተሉትን የሥላሴ እምነት እንዲይዝ አዘዘ። ሌሎቹ መናፍቃን ይባሉ፣ መሰብሰቢያቸውም ቤተ ክርስቲያን አይባል፤ መጀመሪያ እግዚአብሔር ኋላም እኛ እንቀጣቸዋለን ይላል።

አዋጁ ቀድሞ የመታው አረማውያንን ሳይሆን ሌሎች ክርስቲያኖችን ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የቁስጥንጥንያው አርዮሳዊ ጳጳስ ዴሞፊሎስ የኒቅያን እምነት ተቀበል ሲባል እምቢ ብሎ ከተማውን ለቀቀ። የኒቅያን እምነት የሚያስተምረው ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት በወታደር ታጅቦ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገባ። ራሱ ጎርጎርዮስ ያን ቀን ሲያስታውስ ከተማዋ በጦር የተያዘች ትመስል ነበር ብሏል። ደስታው ውስጥ ይህን መደበቅ አለመፈለጉን አከብርለታለሁ።

የጥንቱን አማልክት የሚያመልኩትና አይሁድስ ምን ሆኑ?

በ382 የምዕራቡ ንጉሠ ነገሥት ግራትያኖስ በሮም ሴኔት ውስጥ የነበረውን የድል አምላክ መሠዊያ አስነሳ። በ384 ሲማኮስ የተባለ ታላቅ ባለሥልጣን እንዲመለስ ሲለምን፣ «ወደዚህ ታላቅ ምሥጢር በአንድ መንገድ ብቻ መድረስ አይቻልም» አለ። የሚላኖው ጳጳስ አምብሮስዮስ ተከራከረው፤ መሠዊያውም አልተመለሰ። ሲማኮስ የለመነው መቻቻልን ነበር። ከ150 ዓመት በፊት ክርስቲያኖች የሚለምኑት እንዲሁ ይህንኑ ነበር።

በ391 እና በ392 መሥዋዕት በአዋጅ ፈጽሞ ተከለከለ። በዚያው ሰሞን የእስክንድርያው ታላቅ የሴራፒስ ቤተ መቅደስ ፈረሰ። በ388 በኤፍራጥስ ዳር በቃሊኒቆን ክርስቲያኖች የአይሁድን ምኩራብ ሲያቃጥሉ፣ ቴዎዶስዮስ ጳጳሱ በገንዘቡ መልሶ ይሥራ ብሎ ነበር። አምብሮስዮስ ተጭኖ ትእዛዙን አስለወጠው። በዚህ ንጉሡ ትክክል፣ ጳጳሱ ስሕተት ነበሩ። ያው አምብሮስዮስ ግን በ390 ንጉሡ በተሰሎንቄ ሕዝብ ላይ ጭፍጨፋ ሲያስፈጽም ንስሐ እስኪገባ ከቁርባን ከልክሎታል። በዚያኛው ደግሞ ሺህ ጊዜ ትክክል ነበር።

በ385 ገደማ ጵርስቅልያኖስ የተባለ የስጳንያ ጳጳስ በትሪየር ተገደለ። ክርስቲያን ንጉሥ፣ በክርስቲያኖች ክስ፣ ክርስቲያንን ሲገድል ይህ የመጀመሪያው ነው። የቱሩ ማርቲኖስ እንዳይገደል ለምኖ ነበር፤ አልሰሙትም። በ415 ደግሞ ፈላስፋዋ ሂፓትያ በእስክንድርያ በክርስቲያን ረብሸኞች እጅ ሞተች። ይህን የምጽፈው እምነቱን ለማሳጣት አይደለም። የሰማዕታቱን ታሪክ የሚወድ ሰው የነዚህንም ሞት ሊያውቅ ይገባል ብዬ ነው።

አክሱም ከሮም ቀድማለች የሚባለው እውነት ነው?

በመንግሥት ደረጃ መቀበልን ካልን፣ አዎ። አርመንም ቀድማለች፤ ትውፊቱ 301 ይላል፣ ብዙ ተመራማሪዎች 314 አካባቢ ያደርጉታል። በአክሱም ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን የተቀበለው በ4ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ ከተሰሎንቄው አዋጅ በፊት ነው።

መንገዱ ግን ከሮም የተገላቢጦሽ ነው። በሮም እምነቱ ከታች ተነስቶ 300 ዓመት ፈጅቶ ቤተ መንግሥት ደረሰ። በአክሱም ከቤተ መንግሥት ጀመረ። የጢሮስ ልጅ ፍሬምናጦስ ከወንድሙ ጋር በቀይ ባሕር ዳርቻ ተማርኮ ቤተ መንግሥት አደገ፤ ሮማውያን ነጋዴዎች የሚጸልዩበት ቦታ እንዲያገኙ ረዳ፤ በኋላም ከአትናቴዎስ ጵጵስና ተቀብሎ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ተባለ። ለውጡ በኢዛና ገንዘብ ላይ ይታያል፦ በፊት ጨረቃና ክብ፣ በኋላ መስቀል። ወደ ገጠሩ በስፋት የወረደው ግን ከዘጠኙ ቅዱሳን ጋር፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

በ356 ገደማ የሮሙ ንጉሥ ቆስጠንጢዮስ፣ የቆስጠንጢኖስ ልጅ፣ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። አትናቴዎስ ወንጀለኛ ስለሆነ፣ እሱ የሾመው ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ መጥቶ በአዲሱ ጳጳስ በጊዮርጊስ ይመርመር አለ። የአርዮሳውያን ደጋፊ የነበረ ንጉሥ ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን ከአትናቴዎስ ጎን ጸናች።

በኢትዮጵያስ የመንግሥት ሃይማኖት የሆነችው እስከ መቼ ነው?

እስከ ንጉሡ ሥርዓት መውደቅ፣ 1967 ዓ.ም.። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት የምትደገፍ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን መሆኗን ይደነግግ ነበር። ደርግ ይህን አነሳው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 ደግሞ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም፣ አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል።